ከዓሣው ጋር

“ዓሣውን ለናፍቆት ስንሰጣት ፀዲንም አብረን እንሰጣታለን። አለዚያ ማን ይጠብቀዋል?” አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ በስልክ፣ የመኝታ ቤታቸውን በር ገርበብ አድርገው። ከወዲያ ያለችው ሴት የመለሰችው አይሰማም፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ሳቁ። “ኧረ ምን ትላለች! የእህቴ ልጅ አይደለች እንዴ? ደግሞ የት ትሄዳለች? አንድ ክፍል ይለቁላታል፣ ዓሣዋን ይዛ ትገባለች፣ አለቀ።” ፀዲ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ተተኩሶ ገና ያልበረደ የጠረጴዛ ልብስ በሁለት ክንዶቿ ላይ ዘርግታ። ወደ ሳሎን ልትሄድ ያነሳችውን እግር መልሳ አሳረፈችው። ከውስጥ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ሲዞር፣ በሩ ሲከፈት፣ ተመልሶ ሲቆለፍ ሰማች። እሑድ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከቅዳሴ ከተመለሱ ገና ግማሽ ሰዓታቸው ነው፤ ነጠላቸውን ሳያወልቁ “ዛሬ ገብርኄር ነው፣ ስለ ታማኙ አገልጋይ እንዴት ያለ ስብከት ተሰበከ መሰለሽ” ብለዋት ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሆናት እዚህ ቤት። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከእናቷ ከዲንቄ ቤት፣ “ከተማ ላስተምራት” ብለው ያመጧት እኚሁ አክስቷ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ፊት “አክስቴ” ስትላቸው ወደ ጓዳ ጠርተው “እትዬ በይኝ፣ እንግዳው ግራ ይገባዋል” አሏት። ከዚያ ወዲህ አክስትነታቸው የሚነሳው እሳቸው ሲፈልጉት ብቻ ነው። የዚህ ከተማ ጨዋ ቤተሰብ ሠራተኛ ሲቀጥር ቢያንስ የምትወጣበትን ቀንና የምትለቅበትን መንገድ አብሮ ይነጋገራል። የእህት ልጅ ግን መልቀቂያ የላትም። ሠራተኛ ብትለቅ ሥራ ቀየረች ይባላል፤ የእህት ልጅ ብትለቅ ከዳች ነው የምትባለው። ደግሞም ክፋት የሚሉት ነገር እነዚህ ሰዎች ፊት ላይ ቢፈለግ አይገኝም። በጥምቀት ቀሚስ ገዝተውላታል፤ ስትታመም ሐኪም ቤት ወስደዋታል፤ እናቷ የሞተች ጊዜ በመኪና ለቀብር አድርሰዋት በዚያው ቀን ማታ በመኪና መልሰዋታል። “እንደ ልጃችን ናት” ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው ብለው ያምናሉ። ልጃቸው ናፍቆት ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ባንክ ገብታለች፤ እንደ ልጃቸው የሆነችው የጠረጴዛ ልብስ ይዛ ኮሪደር ላይ ቆማለች።

ሳሎኑ ከላምበረት በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ሥር፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ መስኮቱን ሲያንኳኳ የሚውልበት ሰፊ ክፍል ነው። የዱባይ ሶፋ አለ፤ የዱባይ መጋረጃ አለ፤ በግድግዳው በኩል ደግሞ የሰው ቁመት የሚያህል ርዝመት ያለው የመስታወት ገንዳ ተዘርግቷል። ሴራሚክ የሚያስመጡት አቶ ታዴዎስ፣ የቤቱ ጌታ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ነው ያመጡት። ባሕር በሌለበት አገር፣ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን በሚንጠባጠብበት ሰፈር፣ ሰማያዊ መብራት በርቶለት የባሕር ውሃ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ባሕሩን የምትሠራው ፀዲ ናት፤ ሮቶ ውስጥ ከተጠራቀመው ውሃ ቀድታ አጣርታ፣ በካርቶን የሚመጣውን ጨው በትና፣ በመለኪያ አይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በባልዲ ታዘጋጃለች። ገንዳው ውስጥ ሁለት ክላውን ዓሦች አሉ፤ ብርቱካንማ ናቸው፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ። የሚኖሩት አኔሞኒ በሚባል ነገር ውስጥ ነው። ወይዘሮ ሙሉጌጥ “አበባው” ይሉታል፤ እንግዳውም “ምን ያለ አበባ ነው!” ይላል። አበባ አይደለም። እንስሳ ነው፤ መሃሉ ላይ አፍ አለው፤ የሚወዛወዙት ጣቶቹ መርዝ አላቸው፣ ሌላ ዓሣ ቢነካቸው ደንዝዞ ይበላል። እነዚህ ሁለቱ የማይነደፉት ቀስ በቀስ ስለለመዱት ነው። ፀዲ በዓይኗ አይታዋለች፤ ገና የመጡ ሰሞን ትልቋ መጀመሪያ ጅራቷን ነካ አድርጋ ትሸሽ ነበር፣ ቀጥሎ ክንፏን፣ ቀጥሎ ሆዷን፣ ሰውነቷን የሚሸፍነው ዝልግልግ እስኪለምድ ድረስ። ከሳምንት በኋላ መርዙ ውስጥ ትተኛ ጀመር።

ገንዳውን የተከለው ሚልኬሳ የሚባል ባለሙያ ነበር። ሦስት ቀን ተመላልሶ አሠራሩን ለፀዲ አሳያት፤ ከቤቱ ሰው ከእሷ ሌላ ጠጋ ብሎ የጠየቀው ስላልነበረ። ሲሄድ በእጁ የጻፈው ደብተር ትቶላት ሄደ፤ እሱ ራሱ ከአገር ወጥቷል አሉ። ከነገራት ሁሉ አንድ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ቀርቷል። “ትንሹ ልጇ ነው?” ብላ ስትጠይቀው ሚልኬሳ ሳቀ። “ልጇ አይደለም፣ እኩያዋ ነው። ትልቋ እየነከሰች፣ እያባረረች ትንሽ አድርጋ ታኖረዋለች። እሷ ካለች አያድግም። እሷ ስትሞት ያን ጊዜ ያድጋል፣ ሴት ሆኖ ቦታዋን ይይዛል።” ፀዲ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጎረቤት እስካሁን “ያቺ ልጅ” ነው የሚላት።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አኔሞኒው በሳምንት አንድ ቀን ሽሪምፕ ተከትፎ ይሰጠዋል፤ ወይዘሮ ሙሉጌጥ “በሁዳዴ እኔ ጓዳ ውስጥ ሥጋ አይከተፍም፣ አበባ ደግሞ ምን ሥጋ ይበላል?” ብለው ከለከሉ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደ ኢየሱስ ቤት ሲመጡ ነገሩን ሰምተው “እመቤቴ፣ እሱ እኮ ቆራቢ አይደለም” ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልተበገሩም። ፀዲ በጋዜጣ ጠቅልላ ከፍሪጁ ጥግ ትደብቅና ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ሲተኛ በመቆንጠጫ ታጎርሰዋለች። ጣቶቹ ቁራሹን ይዘው ቀስ ብለው ወደ አፉ ሲወስዱት ማየት እዚያ ቤት ውስጥ የእሷ ብቻ የሆነ ነገር ነው።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ያሰበችው ግን ስለ ዓሣ አልነበረም፤ ቁም ሳጥኑን ነበር። የማታ ተምራ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችበት ማስረጃና መታወቂያዋ እዚያ ውስጥ ነው፤ “እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ይጠፋብሻል” ተብሎ ከተወሰደ ሁለት ዓመቱ። አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ በላቦራቶሪ ሙያ ተቀብሏታል። የሁለተኛው ዙር ምዝገባ ነገ ሰኞ ያበቃል፤ ዋናውን ማስረጃ ይዞ ያልመጣ አይመዘገብም ብለው በስልኳ ልከውላታል። ረቡዕ ጠየቀች፤ “ከፋሲካ በኋላ” አሏት። ዓርብ ጠየቀች፤ “ሠርግ እያለብን?” አሏት። ዛሬ ጠዋት ለምን እንደሆነ ገባት። የናፍቆት ሠርግ ለዳግም ትንሣኤ ነው፤ የልጁ ወገን ሽማግሌዎች ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ። ወረቀቷ ከሠርጉ በፊት ቁም ሳጥኑን ለቆ አይወጣም። ከዚያ በኋላ ቢወጣ ደግሞ ምን ያደርግላታል?

የጠረጴዛውን ልብስ አንጥፋ ሾላ ተላከች። ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ስፒናች፣ ሁለት ኪሎ ድንች፣ አንድ እሽግ ሻማ። ሾላ ገበያ በሁዳዴ እሑድ መግቢያ መውጫ የለውም። ቃሪያው ባለፈው ሳምንት ከነበረበት በሃያ ብር ጨምሯል፤ ሻጯ “እኔን አትዪኝ፣ ነዳጁን በዪው” አለቻት። የዓሣው አየር መንፊያ ማሽን መጠባበቂያ ባትሪ እንዳለቀ ትዝ አላትና አንዱ ሱቅ ደጃፍ ቆመች፤ ዝርዝሩ ላይ የለም፣ የተሰጣትም ብር ተለክቶ ነው፤ ሳትገዛ አለፈች። ተራ ይዛ ታክሲ ስትጠብቅ ከፊቷ የላምበረት ረዳት “መናኸሪያ! መናኸሪያ!” እያለ ይጮሃል። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፍሮ መሄድ ይቻላል። የት? የእናቷ መሬት በሌላ ሰው ታጥሯል፤ እናቷም የለችም። ያሏት ዘመድ አክስቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የቁም ሳጥኑን ቁልፍ በአንገታቸው ያንጠለጠሉት።

ስድስት ሰዓት ላይ ግቢውን ስትገባ ሽታው በር ላይ ተቀበላት። በረኪና። ዘቢሉን ደረጃው ላይ ጥላ ሮጠች። ሳሎኑ ሌላ ሳሎን ሆኗል፤ ገንዳው ውስጥ ያሉት ድንጋዮች በሙሉ፣ ሁለት ዓመት ያበቀሉት ወይን ጠጅና አረንጓዴ ልባስ ተፍቆ፣ እንደ አጥንት ነጥተዋል። ዘበኛው ለይኩን እጅጌውን ሰብስቦ ቡርሽ ይዞ ቆሟል፤ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ራቅ ብለው ሥራውን ያደንቃሉ።

“አየሽ እንዴት ጸዳ? ሽበት አውጥቶ፣ ሻግቶ ነበር እኮ። ሰው ሲመጣ ያሳፍራል” አሉ።

“በበረኪና ነው ያጠባችሁት?”

“በደንብ አለቅልቄዋለሁ እኮ” አለ ለይኩን። “አበባዋ ያለችበትን ድንጋይ ግን አልነካሁም፣ እሷን ማን ይነካል!”

ትልቋ ዓሣ ውሃው ላይ ወጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ትንሹ በጎኑ ጋደም ብሎ ጥግ ላይ ተጠግቷል። አኔሞኒው ጣቶቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስቦ፣ ተኮማትሮ፣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆኗል፤ አፉ ግን ተከፍቷል። ፀዲ ለአንድ አፍታ ዝም ብላ ቆመች። ያን አፍታ መካድ አይቻልም። ዓሣው ከሞተ የሚሰጥ ነገር የለም፤ የሚሰጥ ከሌለ አብሮ የሚሰጥም የለም። አንድ ሰዓት ያህል ሌላ ሥራ ብትይዝ፣ ድንቹን ብትልጥ፣ ነገሩ በራሱ ያልቅ ነበር፤ ያጠፋውም ቡርሹን የያዘውና ያዘዙት ነበሩ። እጇ ግን አልጠየቃትም። ለሳምንቱ ቅያሪ ትናንት ያዘጋጀችው ጨው ውሃ ጓዳ በባልዲ አለ። የአኔሞኒውን ድንጋይ ከሥሩ አቅፋ አወጣች፣ ዓሦቹን በመረብ ቀዳች፣ ባልዲው ውስጥ ከተተቻቸው። በረኪና የነካውን መሣሪያ ሁሉ ተወችው፤ መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምበትን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ማሽን ቱቦ ወደ ውሃው ለቀቀች። ዝዝዝ አለ። የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ ባልዲውን ጠቀለለችው፣ እንዳይበርድ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ በሩ ላይ ሆነው አዩ።

“ይተርፋል?”

“እንጃ።”

“እንጃ አትበዪኝ! ሽማግሌ እየመጣ! ገንዳው ባዶ ሆኖ ምን ልል ነው?” ከዚያ ድምፃቸውን አለሰለሱ። “አንቺ እያለሽ አይሞትም፣ አውቃለሁ።” አመሰገኗት ማለት ነው። ማሽኑ በያዘው ባትሪ ከስድስት ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ፀዲ በሆዷ ቆጠረች፣ እስከ አሥራ ሁለት።

ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ፤ ሦስት ናቸው። ዋናው ተናጋሪ ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ፤ ጎናቸው አቶ ጎበና የሚባሉ ጨዋታ አዋቂ ሰውዬ፣ ሦስተኛው ዝምተኛ የልጁ አጎት። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሳሎኑ መሃል ቆሙ። አቶ ታዴዎስ “እባካችሁ አረፍ በሉ” አሉ።

“የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማልን መቀመጥ አይሆንልንም” አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ደረታቸውን ቀና አድርገው።

ሁሉም ነገር ከወር በፊት በስልክ አልቋል። አዳራሹ ተይዟል፤ ቬሎው ታዟል። ያም ሆኖ ሦስቱ ሰዎች ቆሙ፤ የቤቱም ሰው ቆመ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ አቶ ታዴዎስ አንገታቸውን ደፍተው ያሰቡ መሰሉ፤ ከዚያ “እግዜር ከፈቀደ እኛ ማን ነን” አሉ፤ እልልታው ቀለጠ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ። ፀዲ በጓዳው በር ስንጥቅ ሁሉንም አየች። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የፈለጉትን እስኪያገኙ አልቀመጥም ማለት፣ ከዚያ አግኝቶ መቀመጥ። ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ?

የጾም ምግቡ ቀርቦ ጨዋታው ሲሟሟቅ አቶ ጎበና ወደ ገንዳው ዞሩ። “እኔ የምለው፣ ዓሣው የታለ? ልጃችን ስለ ዓሣ ሲያወራ ነው የከረመው። ወይስ ጾመኛ መጣ ብላችሁ ደበቃችሁብን?” ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ አብረው ሳቁ፤ ጽዳት ላይ ነው፣ ለሙሽሪት የተዘጋጀ ስጦታ ነው፣ አሁኑኑ ታያላችሁ አሉና “ፀዲ! ነይ እስቲ አሳያቸው!” ብለው ተጣሩ።

ባልዲውን በሁለት እጇ አቅፋ ገባች። ውሃ፣ ድንጋይ፣ ብርድ ልብስ፤ ክብደቱ ወገቧ ድረስ ይሰማታል። ማሽኑ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ያንዝዛል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩ፤ አኔሞኒው ሁለት ሦስት ጣቱን መዘርጋት ጀምሯል፤ ትንሹ ዓሣ ተቃንቷል። “ወይ የፈጣሪ ሥራ!” አሉ አቶ ጎበና። ወይዘሮ ሙሉጌጥ “አስቀምጪው እንግዲህ፣ ከበደሽ” አሏት።

“የመጣሁበት ሳይሰማልኝ አላስቀምጥም” አለች ፀዲ።

ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጎልቶ ወጣ። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ አቶ ጎበና ጭናቸውን መትተው “ሌላ ሽማግሌ መጣብን!” አሉ። እሷ ግን አልሳቀችም። የባልዲው ውሃ ከጠርዙ እየዘለለ ቀሚሷን ያረጥባል። “የትምህርት ማስረጃዬና መታወቂያዬ በእትዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል” አለች ወደ ዳኛው እያየች። “ነገ የምዝገባ የመጨረሻ ቀን ነው። እኔ ከዓሣው ጋር ልሰጥ አልፈልግም። ወረቀቴ ዛሬ እንዲሰጠኝ ለምኑልኝ። እስኪሰጠኝ እቆማለሁ።”

አቶ ታዴዎስ ሳህናቸው ላይ የቀረውን ስፒናች በእንጀራ ያሳድዳሉ። ናፍቆት፣ ባለ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ በእናቷ ጎን የተቀመጠችው፣ ስልኳን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ መልሳ ገለበጠችው። ይህችን ናፍቆትን ፀዲ ጸጉሯን ሠርታ አሳድጋታለች፤ በአንድ አልጋ ተኝተዋል። ቀና ብላ አላየቻትም። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። “የእህቴ ልጅ ናት” አሉ፣ ዛሬ የእህታቸው ልጅ ሆነች። “ከናፍቆት መለየቱ ከብዷት ነው። እኔ ደግሞ አልለያያቸውም ብያለሁ። ወረቀቷንም ለናፍቆት አስረክባለሁ፣ ማን ይወስድባታል?”

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ሠላሳ ዓመት አቤቱታ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህን አቤቱታ ሲሰሙ ግን የታያቸው የሚበላሽ የሠርግ ወግ እንጂ ሌላ አልነበረም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ደግነት ነው የሚያስቆጣው። “ልጄ” አሉ በለሆሳስ፣ “ዛሬ የእህትሽ ቀን ነው። ያሳደገሽን ቤት በሰው ፊት አታስከፊ። ከእህትሽ ጋር ግቢ፣ ቤቷን ቤትሽ አድርጊው፣ ትምህርቱ የትም አይሄድም። በሉ ሸክሙን ተቀበሏት፣ ልጅቷ ደከማት።” አቶ ጎበና ብድግ ብለው ባልዲውን ከእጇ ወሰዱ። ለይኩን በርጩማ አቀረበ። “ቁጭ በይ ልጄ” አሉ ዳኛው። ጉልበቷ ትልቅ ሰው ሲያዝ መታጠፍ ከሕፃንነቱ የለመደ ነው፤ ታጠፈ። ተቀመጠች። ሦስቱም ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ እሷ ዘርግተው መረቋት፤ ከሙሽሪት ጋር ያኑርሽ፣ በገባሽበት ቤት ሞገስ ይስጥሽ አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። አሜን ሲባል ናፍቆት እንባዋን ጠረገች፤ ነገሩ ነካት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌዎቹ ተሸኙ። ባልዲው ተመልሶ ጓዳ ገብቷል። ፀዲ አጠገቡ ቆማ የማሽኑን ድምፅ ታዳምጣለች፤ ቀጥኗል፣ አልፎ አልፎ ይቋረጣል። ናፍቆት ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ገባች።

“ፀዲዬ፣ ምን ነካሽ? ሲሪየስሊ፣ ሰው ፊት!”

ፀዲ የብርድ ልብሱን ጫፍ ባልዲው ላይ መለሰች።

“እኔ እኮ አንቺን ብዬ ነው። የራስሽ ክፍል ይኖርሻል፣ ዋይፋይ አለ፣ እሱም ደስ ብሎታል። የማታ መማር ትችያለሽ፣ በእናትሽ አትኩረፊ።”

“ያንቺ ዲግሪ የት ነው ያለው?” አለች ፀዲ።

“የኔ? እኔ ጋ ነዋ። ፎልደሬ ውስጥ።”

“የኔስ?”

ናፍቆት ጫማዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ባልዲውን አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ ያነሳችው፣ እጇን ግን አንድ ቀን ነክራበት የማታውቀው ውሃ ነው። ትልቋ ዓሣ ትንሹን ከአኔሞኒው ጣቶች መሃል ገፍታ ታስወጣዋለች፤ እሱም ዞሮ ከሥሯ ይገባል። “ለምን ትገፋዋለች?” አለች ናፍቆት። ፀዲ በኮሪደሩ በኩል ወጣች፤ የመኝታ ቤቱን በር ሳታንኳኳ ገፋችው።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ሊያወልቁ መቀነታቸውን ፈትተዋል። ፀዲ አልፋቸው ሄዳ ቁም ሳጥኑን ጀርባዋ አድርጋ ቆመች።

“ምን ትሠሪያለሽ?”

“ቆሜያለሁ።”

“ዞር በይ፣ ልብሴን ልስቀልበት።”

“ወረቀቴን ይስጡኝ።”

“በሽማግሌ ፊት አዋርደሽኝ፣ እነሱ መርቀው ካለቀ በኋላ…” መቀነቱን አልጋው ላይ ወረወሩት። ከማተባቸው ጋር በአንድ ክር የተንጠለጠለው ቁልፍ ደረታቸው ላይ ተወዛወዘ። “ሂጂ ዓሣውን እዪ! ያ ማሽን ድምፁ ደክሟል። ይሞታል!”

“ባትሪ ካልተቀየረ ይሞታል።”

“እና?”

“ቆሜያለሁ።”

በኮሪደሩ በኩል የማሽኑ ድምፅ ይመጣል፤ ዝዝ፣ ዝም፣ ዝዝ። ፀዲ እያንዳንዱን ዝምታ ትቆጥራለች። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ባትሪም ታጥቶ፣ ውሃውን በጣሳ እየቀዳች ከላይ እያፈሰሰች፣ አየር እንዲይዝ፣ እስኪነጋ ነፍስ ያቆየችላቸው እሷ ናት። እግሯ ወደ በሩ ሊሄድ ይጎትታታል። እግሯን ጠላችው። ጉልበቷ ዛሬ አንድ ጊዜ ከድቷታል። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ፊቷን አዩና ተጠጉ፤ ድምፃቸውን ቀይረው፣ ከእህታቸው ጋር ሲሆኑ ብቻ ያወሩበት በነበረው የአገር ቤት ቋንቋ “ኢንተላ ኮ” አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቋንቋ የጠራት ሰው አልነበረም። ዓይኗ ሞላ። አልተንቀሳቀሰችም።

እሳቸውም ይህን ሲያዩ ቱግ አሉ። “ይሙት!” አሉ። “ይሙት አልኩሽ! ሌላ ይገዛል። ታዴዎስ በሚመጣው ወር ዱባይ ይሄዳል፣ አሥር ያመጣል። አንቺን ግን ከየት አመጣለሁ?”

ያሉት ነገር ለራሳቸውም ጆሮ ደረሰ። እንግዲህ ዓሣው ምክንያት ነበር፤ ገንዳው ባይኖር አንድ ሌላ ነገር ይገኝለት ነበር። ከኮሪደሩ ማዶ ማሽኑ አንዴ አቃሰተና ድምፁ ጠፋ።

“ፀዲ!” ናፍቆት ከጓዳ ጮኸች። “ፀዲዬ፣ ቆመ! ቆመ እኮ፣ ምን ላድርግ?”

ፀዲ ፊቷን ከአክስቷ ሳታዞር መለሰች። “መደርደሪያው ላይ ጣሳ አለ። ውሃውን ከራሱ ቅጂና ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺው። ቶሎ ቶሎ። አታቁሚ።”

“እስከ መቼ?”

“ባትሪ እስኪመጣ። ለይኩንን ላኪው።”

ከዚያ ጣሳ ወለል ላይ ወደቀ፤ ናፍቆት ለራሷ አንድ ነገር አጉረመረመች። ከዚያ ውሃ ፈሰሰ፤ ግማሹ ከባልዲው ውጪ። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስተኛው ላይ መጠኑን አገኘችው፤ ተቀዳ፣ ፈሰሰ፣ ተቀዳ፣ ፈሰሰ። ሁለቱ ሴቶች ቆመው ያን ድምፅ አዳመጡ።

ፀዲ እጇን ዘረጋች።

“አክስቴ” አለች፣ “ቁልፉን።”

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ማተባቸውን በጡጫቸው ጨበጡ። ቀጥለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በጓዳ በኩል ውሃው ይቀዳል፣ ይፈሳል።

ፀዲ አልተቀመጠችም።